የጀርመኑ ጉጠት

ደብረ ታቦር ካለው ቤቴ ፊት ለፊት ባለፈው ዓመት አንድ የብረት ሥራ ቤት ተከፈተ። በርና መስኮት የሚሠሩ ጎረምሶች ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ሲቆርጡና ሲበይዱ ይውላሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በጩኸታቸው ሲያማርር እኔ ብቻ ዝም እላለሁ። አልፎ አልፎ የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ ሲነክሩ ያ ጎምዛዛ ሽታ መንገዱን ተሻግሮ፣ መጋረጃዬን አልፎ፣ ሳሎኔ ድረስ ይገባል፤ ያን ጊዜ የያዝኩትን ሥራ አስቀምጬ፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ መሆኔን ረስቼ፣ እስቴ፣ አባቴ ቤት፣ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እገኛለሁ።

አባቴ ባላምባራስ ታከለ ከመካነ ኢየሱስ ትንሽ ወጣ ብሎ የሚኖር፣ ገብስና ስንዴ የሚያርስ፣ ከዳኛ ፊት ቆሞ ቢከራከር የማይሸነፍ፣ ከእናቴ ጋር ቢከራከር ግን አንድም ቀን አሸንፎ የማያውቅ ሰው ነበር። ባላምባራስነቱን ያገኘው በጣሊያን ጊዜ በአርበኝነት ነው፤ ስለዚያ ግን ሲጠይቁት እንኳ ብዙ አያወራም ነበር። የሚያወራው ስለ ጀርመኑ ነው።

ጀርመኑ ማለት የአባቴ አያት የወይዘሮ ትርንጎ አባት ነው። ድሮ፣ መድፍ ያስቀልጡ የነበሩት ንጉሥ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ፈረንጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ብረት በሚያሠሩበት ዘመን፣ ፈረንጅ ያኔ ሙሴ እየተባለ ይጠራ ነበርና ሙሴ ኩንራድ የሚባል አንድ ባለሙያ እዚያ ይኖር ነበር፤ ካገራችን ሴት ትርንጎን ወለደ፣ ንጉሡ ሲሞቱ እሱ ወዳገሩ ተመለሰ፣ ልጁ ትርንጎም ብረት የሚይዝበትን ጉጠት ይዛ እስቴ ቀረች፤ የቤታችን ታሪክ ይህ ነበር። በአያቴ በደስታ ጊዜ ሰውየው «ፈረንጁ» ብቻ ነበር፣ የየት አገር ሰው እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ጀርመን ያደረገው አባቴ ነው። አንድ ጊዜ ለክርክር ደብረ ታቦር ሄዶ አንድ አስተርጓሚ አገኘና፣ «ኩንራድ የጀርመን ስም ነው» ቢለው፣ ክርክሩን ትቶ ወሬውን ይዞ ወደ ቤት ገሠገሠ። በጣሊያን አምስት ዓመት ውስጥ ግን አያቴ የፈረንጁ ስም በቤቱ እንዳይነሣ ከልክለው ነበር አሉ፤ ነጻነት ሲመጣ ስሙም እንደ አርበኞቹ ከጫካ ወጣ።

በቤታችን መልካም ነገር ሁሉ ከጀርመኑ፣ ክፉው ሁሉ ከእናቴ ወገን ይመጣ ነበር። እኔ ፊደል ቶሎ ብቆጥር ጀርመኑ ነው፣ ወተት ብደፋ የእናቴ አያቶች ናቸው። የታላቅ እኅቴ የአስናቀች ቅላት ከጀርመኑ ነው፤ የእናቴ እናት ከአስናቀች ይልቅ ቀይ እንደነበሩ ግን አገር ያውቃል። አባቴ እጁም ጀርመን መሆኑን ያምን ስለነበር፣ ክረምት ሲገባና እርሻ ሲቀዘቅዝ መጥረቢያውን ይዞ ዕቃ ይሠራ ነበር፤ አንድ ክረምት በርጩማ ጠረበና የደብራችንን መሪጌታ ጥበቡን በክብር አስቀመጠበት። መሪጌታ የጠላውን ዋንጫ ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ሦስቱም እግር በአንድ ጊዜ ከዳቸው። ጥምጥማቸውን ከወለሉ እያነሡ፣ «ባላምባራስ፣ እኒህ ጀርመን አያትዎ ቆመው ነው እንዴ ይበሉ የነበረው?» አሉት። አባቴ ግን ጥፋቱን በእንጨቱ አሳበበ።

መስከረም ሲጠባ ጉጠቱ ከሣጥን ይወጣ ነበር። በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ፣ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው፣ አፉ የዝይ አፍ የመሰለ ከባድ ብረት ነው። አባቴ ዝገት እንዳይዘው ለጋ ቅቤ ይቀባዋል፣ ልጆቹን በየተራ ያሳልማል፣ ከዚያ እንግዳ እንዲያየው ከመደቡ ራስጌ ያኖረዋል። እናቴ ዘነበች ያን ጉጠት ባየች ቁጥር ዓይኗ ይቅበዘበዝ ነበር፤ ፍም በእንጨትና በጣቷ እየገለበጠች የኖረች ሴት ናትና።

«ኧረ አንቱ ሰውዬ፣ ይኸን ለምድጃ ቢሰጡኝ ምን ይጎድልብዎታል? ጣቴ እኮ አለቀ!»

«ዘነበች! ዘር ነው እኮ ይኸ! ዘር በምድጃ ይገባል?»

«ቅቤ የሚበላ ዘር መቸም አይቼ አላውቅ» ብላ ትሄድ ነበር።

እንግዳ ሲሰበሰብ ደግሞ የእኔ ተራ ይደርስ ነበር። ባገራችን ልጅ አያት ቅድመ አያቱን በቃሉ እንዲያውቅ ይደረጋል፤ ሲጋባ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ፣ ርስት ሲካፈልም እንዳይታለል። የኔ ግን ከዚህ አልፎ እንደ ቅኔ ዘረፋ ያለ ነበር። መሃል ቤት ቆሜ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ «ብርቅነሽ የታከለ፣ ታከለ የደስታ፣ ደስታ የትርንጎ፣ ትርንጎ የሙሴ ኩንራድ ዘጀርመን!» እላለሁ። ግእዙን የጨመሩበት መሪጌታ ናቸው፣ ግእዝ ያልነካው ትውልድ አይከብድም ብለው። የመጨረሻውን ቃል ጮክ ብዬ ካልኩት ከአባቴ እጅ የዶሮ ፈረሰኛ እጎርሳለሁ፣ ቀስ ካልኩት ደግሞ እንድደግመው እታዘዛለሁ። ስለዚህ ሁሌም እጮህ ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ አጨዳ ሳይገባ፣ ማጭዶቻችንን ለማሳል ገበያ እንወርድ ነበር። ቀጥቃጩ አየለ ከገበያው ዳር፣ ከሰው ራቅ ብሎ፣ ወናፉን ተክሎ ይቀመጣል። ወናፍ ማለት እሳቱን የሚያናፍሰው የቆዳ ከረጢት ነው፤ ልጁ በሁለት እጁ ሲያነሣውና ሲጫነው ፍሙ ይተነፍስ ነበር። አየለ የጋለውን ማጭድ በጉጠት ይዞ ውኃው ውስጥ ሲነክረው ያ ሽታ ይወጣል፣ እኔም አፍንጫዬን ከፍቼ እቆማለሁ። አባቴ ማጭዶቹን ከሩቅ ወርወር ያደርግለታል፣ ሰላም አይለውም፣ ለእኛም «ምሳችሁን ሸፍኑ፣ ዓይን ለዓይን አትዩት» ይለናል። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ተብሎ ይታመን ነበርና ከእሱ ቤት እሳት እንኳ አይጫርም ነበር። የኩንራድን ጉጠት እየተሳለምን የአየለን ጉጠት እንዳንነካ ስንከለከል ነገሩ ለምን እንደዚህ ሆነ ብሎ የጠየቀ በቤታችን አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ በዚህ እስካሁን አፍራለሁ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ፣ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ለአስናቀች ሽማግሌ መጣ። የመጡት ከላይ ጋይንት፣ ከንፋስ መውጫ ወዲህ ነው፤ የልጁ ስም ይርጋ፣ አባቱ ግራዝማች አድማሱ ይባላሉ። አስናቀች ልጁን በዓይኔ አላየሁትም ትል ነበር። ለጥምቀት የለበሰውን ኩታ የጥለቱን ቀለም፣ ሲስቅ ጉንጩ በየት በኩል እንደሚሰረጉድ፣ የበቅሎውንም ስም ግን ታውቃለች። ሽማግሌ የተላከ ቀን ሁለት ጊዜ እንስራ ሰብራ ሁለቱንም ጊዜ ሳቀች።

ባገራችን ልማድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ቃል አይታሰርም። ሁለቱ ወገኖች እስከ ሰባት ትውልድ አንድ አያት ላይ ከተገናኙ ጋብቻው አይሆንም። ቆጣሪው መሪጌታ ጥበቡ ነበሩ፣ የሚቆጥሩትም በሽምብራ ነው፤ የተቆላ ሽምብራ በትሪ ይቀርብላቸውና ለእያንዳንዱ አያት አንድ ሽምብራ እየደረደሩ፣ የተረፈውን እየቆረጠሙ ይሠሩ ነበር። ለጀርመኑ ግን አባቴ ሽምብራ አነሰ ብሎ ስለተከራከረ አንድ ነጭ ትልቅ ባቄላ ተደረገለት።

«ብርቄ፣ በይ እንግዲህ!» አለ አባቴ። ቆምኩና ጮህኩ። መሪጌታ ከኔ አፍ እየተቀበሉ አራት ሽምብራ ደረደሩ፣ ከላይ ባቄላውን አስቀመጡ። ትርንጎ ጋ ስደርስ ለቆጠራው የመጡት ግራዝማች አድማሱ ከመደቡ ብድግ አሉ፤ ኩንራድ ስል እንባቸው መጣ።

«ሙሴ ኩንራድ? የጋፋቱ?»

«የጋፋቱ!» አለ አባቴ ደረቱን ነፍቶ።

«እኔም እኮ የሳቸው ነኝ! በእናቴ በኩል አራተኛ ነኝ! ወንድሜ!»

«ወንድሜ!» አለ አባቴም፤ ተቃቅፈው ትከሻ ለትከሻ ሲሳሳሙ ግራዝማች ጉጠቱን አይተው ተሳለሙት፣ አባቴም እያለቀሰ በጠላ ላይ ጠላ አስቀዳ። ሽማግሎቹ እልል አሉ። ሁለት ጀርመኖች በእስቴ ተገናኝተው እንዲህ የተደሰቱበት ቀን ከዚያ ወዲህ ያለ አይመስለኝም። መሪጌታ ብቻ ጉንጫቸው በሽምብራ እንደተሞላ ማላመጣቸውን አቆሙ።

«ቆዩ እስቲ» አሉ። «እናንተ ወንድማማች ከሆናችሁ፣ ልጆቹ ምን ሊሆኑ ነው?»

ከባቄላው በታች ሁለት መስመር ሽምብራ እንደ ሁለት እግር ወርዶ ነበር፣ በአንዱ ጫፍ አስናቀች፣ በሌላው ጫፍ ይርጋ። ሰባት ቀርቶ አምስትም አይሞላ። አባቴ የግራዝማችን አንገት እንዳቀፈ ቀረ፣ እንዳይለቀውም እንዳይዘውም ቸገረው። ከጓዳ በኩል የዕቃ መሰበር ድምፅ ሰማን፤ በዚህኛው ግን የሳቀ አልነበረም።

ጥር እስኪገባ ድረስ መልእክተኛ ከእስቴ ጋይንት፣ ከጋይንት እስቴ ይመላለስ ነበር። መሪጌታ አንደኛው ወገን የጀርመኑ ዘር አለመሆኑን ካረጋገጠ ጋብቻው ይሆናል፤ ግን በሐሰት የማለ ይገዘታል ብለው አስጠንቅቀው ነበር። አባቴ፣ «ጀርመኑን እርስዎ ይተዉት፣ እኛ ጉጠት አለን» ብሎ ላከ። ግራዝማች፣ «እርስዎ ይተዉት፣ እኛ አፍንጫ አለን» ብለው መለሱ። አባቴ በዚህ በጣም ተናደደና መስታወት አስመጥቶ አፍንጫውን ረጅም ሰዓት ተመለከተ፤ እናቴ ስታየው ግን መስታወቱን መለሰ።

በዚህ መሃል አስናቀች እህል መብላት አቆመች። ያች ሣቂታ ልጅ፣ ያች በአንድ ቀን ሁለት እንስራ የሰበረች ልጅ፣ ከግድግዳው ተጠግታ ቁጭ ብላ ትውል ጀመር። እናቴ ለመነቻት፣ መሪጌታ ጠበል ይዘው መጡላት፣ እኔ የዶሮ ፈረሰኛዬን ሰጠኋት፣ እምቢ አለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ከእርሻ ሲገባ ተነሥታ ከእግሩ ላይ ወደቀች። አባቷን ቀና ብላ አይታ የማታውቅ ልጅ ነበረች።

«አባዬ፣ ስለ ማርያም፣ ጀርመኑን ይተዉልኝ። እሳቸው እንደሆነ ሞተዋል፣ እኔ ነኝ ያለሁት» አለችው።

አባቴ እግሩን አላወጣም። «እውነቱን የምታውቅ አንዲት ሰው አለች» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለምሰሶው። ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን በቅሎዋን ጭኖ፣ ትውልዱን በትክክል እንድናገርለት እኔን ከኋላው አፈናጦ፣ ወደ ስማዳ ተነሣን።

ሰውዋ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ነበሩ፤ የአያቴ የደስታ ታናሽ እኅት፣ የትርንጎ የመጨረሻ ልጅ፣ ስማዳ ውስጥ ከአንድ ደብር አጥር ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ መነኩሲት። አባቴ አክስቱን ለዓመታት ሄዶ ያልጠየቃቸው መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው ይል ነበር። መንገዱ እንኳ ሩቅ ነበር፤ ቁልቁል ወርደን፣ ወንዝ ተሻግረን፣ ዳገቱን በእግራችን ወጥተን፣ ዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ ቀትር ላይ ደረስን። ግን አሁን ሳስበው ሰው ሊሰማው የማይፈልገው ነገር ያለበት ቤት ሁልጊዜም ሩቅ ነው።

እማሆይ ግማሽ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ጆሯቸው ግን እንደ ጥንቸል ነበር። አባቴ ተሳልሟቸው እንደተቀመጠ፣ «ይችን ልጅ ይስሟት» አላቸው። ቆሜ ጮህኩ። «ዘጀርመን» ስል እማሆይ ቆባቸው እስኪንሸራተት ሳቁ፣ ሳቃቸው ሳል ሆነ፣ ሳላቸው ተመልሶ ሳቅ ሆነ።

«አዬ ታከለ፣ ልጄ፣ ያን ፈረንጅ እስከ ዛሬ ተሸክመኸው ትዞራለህ? አይከብድህም?»

ከዚያ ነገሩን። «አያቴ እጅጉ ይባላል፣ የዚሁ የስማዳ ሰው ነው። ጋፋት ወርዶ ለኩንራድ ወናፍ ይነፋ ነበር። ፈረንጁ ይቀጠቅጣል፣ እጅጉ ይነፋል፣ እንዲህ ሆነው ስንት ዓመት ኖሩ። እናቴ ትርንጎ የተወለደችው እዚያው ግቢ ነው። ፈረንጁ ሲሄድ ጉጠቱን ለእጅጉ ሰጠው፣ ካንተ በቀር አያያዙን የሚያውቅ የለም ብሎ። ኩንራድ በሌላ ቦታ ልጅ ይኑረው አይኑረው እኔ አላውቅም፤ የኛ ግን አይደለም።»

አባቴ ወደ እሳቸው ጠጋ አለ። «ታዲያ የፈረንጅ ልጅ የተባለችው በምን ምክንያት ነው?»

«ሰዉ ነዋ ያለ። ከፈረንጅ ግቢ መጣች፣ ጉጠት ይዛለች፣ በቃ። እሷም ዝም አለች። የወናፍ ነፊ ልጅ ብትል ማን ያገባት ነበር? ቀጥቃጭ ተብላ ከገበያ ዳር ከመቅረት የፈረንጅ ልጅ መባል ይሻላል። ዝም አለች፣ ተዳረች፣ አባትህ ተወለደ፣ አንተም መጣህ። ልትሞት ስትል ነው ለኔ የነገረችኝ።» እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን በጣታቸው ፈለጉና ዳሰሱት። «ፊትህ ራሱ የስማዳ ፊት ነው። እንግዲህ እሷ ዝም ብላ ተዳረች፤ አንተ ደግሞ ተናግረህ ዳር።»

በመመለሻው መንገድ ወንዙን ከተሻገርን በኋላ አባቴ ዞር ሳይል፣ «ብርቄ፣ እማሆይ ያሉትን ሰምተሻል?» አለኝ። ብልጥ ልጅ ነበርኩና፣ «አልሰማሁም አባዬ» አልኩት። «ጎሽ» አለ። ዳገቱን ወጣን፣ አንድ ማሳ አለፍን፣ ሌላ ማሳ አለፍን፣ በቅሎዋ ሁለት ጊዜ ቆማ ሣር ጋጠች፣ እሱም አልገፋትም። «ሰምተሻል» አለኝ ቆይቶ። «ሰምቻለሁ» አልኩት። ትከሻው ዝቅ ሲል ከኋላው ሆኜ አየሁ፤ ያን ጊዜ ለአባቴ አዘንኩለት፣ አንድ ትልቅ ሰው እንደሞተበት ሁሉ ጀርባውን አቀፍኩት። እንደ እውነቱም አንድ ሰው ሞቶበት ነበር።

ቅበላ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁለቱም ወገኖች በደብራችን ደጀ ሰላም ተሰበሰቡ። ጾሙ ከገባ ሠርግ የለም፣ ዓመት ከቆየ ደግሞ የግራዝማች ልጅ ሌላ እንደሚታጭለት ሁሉም ያውቅ ነበር። መሪጌታ ትሪያቸውን አስቀምጠው፣ ያን ባቄላ ከላይ፣ ሽምብራዎቹን ከታች እንደ ፊተኛው ደረደሩ። አስናቀች ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ቆማ ነበር፤ አባቴ ስማዳ የሰማውን ለማንም አልተናገረም፣ ለእናቴም እንኳ።

ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ። ዝቅ ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለመሪጌታ በጆሯቸው ሹክ ብሎ መናገር ይችል ነበር፤ ቆጣሪው እሳቸው ናቸውና ይበቃ ነበር። እሱ ግን እንደኔ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ከአጥሩ ማዶ የሚግጡት በጎች ቀና እስኪሉ ድረስ ጮኸ፦

«ታከለ የደስታ! ደስታ የትርንጎ! ትርንጎ የእጅጉ፣ የወናፍ ነፊው!»

ከአባቴ አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሽማግሎች በቀስታ ፈቀቅ ሲሉ አየሁ፤ ከእነዚያ አንደኛው በዋዜማው ማታ ከቤታችን ጠጅ የጠጣ ነበር። ግራዝማች አድማሱ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ወናፍ ነፊ? ከቀጥቃጭ ቤት ነው እንዴ ሽማግሌ የላክሁት?»

«ግራዝማች» አላቸው አባቴ፣ «ሙሴ ኩንራድ ጋፋት ላይ ምን ይሠሩ ነበር?»

«መድፍ ነዋ!»

«መድፍ ከምን ይሠራል? ከአብሽ ነው?»

ግራዝማች ወደ ሽማግሎቻቸው ዞር አሉ።

«የእርስዎ አያት ይቀጠቅጣሉ፣ የኔ አያት ይነፋል» አለ አባቴ። «አንድ እሳት ነው የሞቁት። እኔ የነፋሁት ቡዳ ከሆንኩ፣ የቀጠቀጡት ምን ሊባሉ ነው? እንግዲህ ወይ ሁለታችንም ነን፣ ወይ ሁለታችንም አይደለንም።»

መጀመሪያ የሳቁት መሪጌታ ናቸው። ጥምጥማቸውን ይዘው ሳቁ፣ ከዚያ ካህናቱ፣ ከዚያ የፈቀቁት ሽማግሎች እያፈሩ ሳቁ። መሪጌታ ከትሪው አንዲት ያረረች ጥቁር ሽምብራ መርጠው በእኛ መስመር ራስ ላይ አኖሩና፣ «ይኸ እጅጉ ነው። ዝምድና የለም፣ ይጋባሉ። ባቄላው የግራዝማች ብቻ ነው» አሉ። ግራዝማች ባቄላውን እያገላበጡ ብዙ ተመለከቱት፣ ግራና ቀኝ አዩ፣ ከዚያ «ለማንኛውም» ብለው አፋቸው ውስጥ ከተቱትና ቆረጠሙት። ከዚያ ቀን ወዲያ በላይ ጋይንት ስለ ሙሴ ኩንራድ የተነገረ ነገር አልሰማሁም።

ሠርጉ በቅበላው ዋዜማ ሆነ። አስናቀች ስትሄድ አለቀሰች፣ ልማድ ስለሆነ፤ ነጠላዋ ውስጥ ግን ትስቅ እንደነበር ከሥሯ ስለነበርኩ አይቻለሁ። ሠርገኛው እንደወጣ እናቴ ማንንም ሳትጠይቅ ሣጥኑን ከፍታ፣ ጉጠቱን ከሻሹ አውጥታ፣ ምድጃው ዳር አስቀመጠችው። «እንግዲህ የባለሙያ ዕቃ ከሆነ ይሥራ» አለች። አባቴ አይቶ ወደ ደጅ ወጣ። ቅቤው ሲቃጠል ቤቱ ሦስት ቀን እንደ ፋሲካ ሸተተ፣ በሁዳዴ ጾም መግቢያ ላይ።

በሚቀጥለው ጥቅምት ገበያ ስንወርድ አባቴ ማጭዶቹን አልወረወረም። ቀጥቃጩ አየለ ዘንድ ድረስ ሄደ፣ አጎነበሰ፣ በሁለት እጁ ጨበጠው፣ እንዴት ከረምህ፣ ልጆቹ፣ ላሞቹ፣ ክረምቱ እያለ ስለጠየቀው ሰውየው ሊከሰስ መስሎት ደነገጠ። ማጭዱን ከሁሉም አስቀድሞ ሳለለትና በፍጥነት አሰናበተው። በሚቀጥለው ሳምንት ሲደገም ግን አየለ ከጎኑ ያለውን ድንጋይ በእጁ ጠርጎ፣ «ይቀመጡ» አለው፤ አባቴም ተቀመጠ፣ እኔም ምሳዬን ሳልሸፍን በላሁ።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ጥሩ ነበር፤ ግን አንድ የምናዘዘው ነገር ቀርቶኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለትምህርት ደብረ ታቦር ገባሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የከተማ ልጆች ከብበው ከየት ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ አሉኝ፤ እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ጀመርኩ፣ ትርንጎ ጋ ስደርስ የከበቡኝን ልጆች አየሁና «የሙሴ ኩንራድ ዘጀርመን!» ብዬ ጮህኩ። አባቴ በአገር ፊት የተወውን ሰው እኔ በድብቅ ይዤው ከተማ ገባሁ። ለክፍል ጓደኞቼ ተናገርኩ፣ ለባሌ ተናገርኩ፣ ለተማሪዎቼ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ጣል አደረግሁ፣ ለአስናቀችም የልጅ ልጆች በልጅነታቸው እንደ ተረት አወራሁላቸው። አስናቀች በሕይወት ሳለች ስትሰማኝ በዓይኗ ብቻ ታየኝ ነበር። ይርጋን አግብታ ሰባት ልጅ የወለደች ሴት ከኔ ጋር በጀርመን የምትጣላበት ምክንያት አልነበራትም።

ባለፈው ሳምንት ከእነዚያ ልጆች አንደኛው፣ ሚኪያስ፣ ከባሕር ዳር መጣ። ስልኩን ከፍቶ የድሮ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ አሳየኝ፣ ጀርመን ካለ ከአንድ መንደር የተላከለት ነው አለ፤ ኩንራድ የሚባል አንጥረኛ ወደ ሐበሻ መሄዱ ተጽፎበታል። ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ሲያስተረጉም፣ የዘር ሐረግ ሲስል ከርሟል። እዚያ ያሉ ሰዎች ዘመዶቻችን ናችሁ ወይ ብለው ጠይቀውታል፤ የቀረው ከቤተሰቡ በዕድሜ የገፋ ሰው ቃል ነው፣ ያም እኔ ነኝ። ወረቀቱን ከፊቴ ዘረጋ። ሐረጉን አሳምሮ ስሎታል፣ ከላይ ኩንራድ፣ ከታች ሁላችንም፤ ባቄላና ሽምብራው ታየኝ። ይህ ልጅ ዓመቱን ሙሉ የሮጠው እኔ በዋሸሁት ውሸት ነው።

ተነሥቼ ከማዕድ ቤት ጉጠቱን አመጣሁለት። እናቴ ለአስናቀች፣ አስናቀች ለኔ አውርሳዋለች፤ በስንት ዓመት እሳት ጠቁሮ አፉ ተበልቷል። ሚኪያስ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ፊቱ በርቶ፣ «የኩንራድ ነው አይደል እቴቴ?» አለኝ።

ድሮ ቤታችንን ሞልቶ የነበረውን ጀርመን አባቴ ለልጁ ሲል በአንድ እሑድ ተወው፤ እኔ ተምሬ፣ አስተምሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ የሚያስገድደኝ ሠርግ እንኳ ሳይኖር፣ አንድ ስም ከአፌ ለማውጣት ይህን ሁሉ ዘመን ፈራሁ። ከመንገዱ ማዶ ጎረምሶቹ ብረት ነከሩ፣ ሽታው ገባ።

«የእጅጉ ነው፣ የወናፍ ነፊው» አልኩት።

ድምፄ የአባቴን ያህል አልወጣም። ስለዚህ ተነሥቼ ቆሜ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ደገምኩለት።